ቀለቡ የልጁ ነው

ሞጆ ገና ሳይነጋ ትነቃለች። ከደረቅ ወደቡ በር ጀምሮ በአስፋልቱ ዳር የተሰለፉት ተሳቢዎች ሞተራቸውን ያሞቃሉ፤ ረዳቶች ጎማ እየመቱ ይፈትሻሉ፤ ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰሏን አቀጣጥላ ብርጭቆ መደርደር ከጀመረች ቆይታለች። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የምሥራቅ ሸዋ ከተማ መንገድ ለሁለት የሚከፈልባት ናት፦ አንዱ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ። በየቀኑ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ለቆዳ ፋብሪካ ሥራ የመጣው፣ ወደ ቆቃ የሽንኩርት ማሳ የወረደው፣ ኮንቴይነር ጭኖ ተራ ሲጠብቅ ሁለት ሌሊት ያደረው ሁሉ እዚህ ይተዋወቃል፤ ይዋደዳል፤ ይጋባል፤ ሳይጋባም ይወልዳል።

ከዚያ መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል። ልጁ ግን እዚያው ነው።

ይህ የሹፌሮች ሐሜት እንዳይመስል። ልጁን ጥሎ የጠፋ የቢሮ ሠራተኛም፣ ነጋዴም፣ የተማረ ሰውም ሞልቷል። የሹፌሩ ነገር የሚነሣው ሕጉ አጥብቆ የሚፈተነው እሱ ዘንድ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል። የዛሬው ዝግጅት ጥያቄ ለጊዜው ቀላል ነው፦ ወላጅ ልጁን የመቀለብ ግዴታው ከየት ይጀምራል? ቀለቡስ የማን ነው?

ከቃሉ መጀመር ይሻላል። የቤት እመቤት «የወሩን ቀለብ ሸመትኩ» ስትል ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ዘይቱን ማለቷ ነው። ወታደርም ቀለብ አለው፤ በባለጸጋ ቤት የሚያድር አሽከርም ቀለቡ ይሰፈርለት ነበር። ሕግ አርቃቂዎቹ ይህን የጓዳ ቃል ወስደው ሰፋ አደረጉት። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 197 ቀለብ የሚለው ምግብን ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ይጨምራል። ደግሞም እነዚህ ነገሮች የሚቀርቡት ለይስሙላ ሳይሆን የሰውዬውን የኑሮ ደረጃና የአካባቢውን ልማድ ባገናዘበ፣ ክብር ባለው አኳኋን መሆን አለበት። ስለዚህ ለፋሲካ አንድ በግ፣ ለመስቀል ግማሽ ኩንታል ጤፍ ልኮ «የአባትነቴን አድርጌአለሁ» የሚል ሰው በሕጉ ዓይን ገና የጀመረው ነገር የለም። የደብተሩ፣ የመድኃኒቱ፣ የቤት ኪራዩ ድርሻ ይቀረዋል።

በየችሎቱ ደጃፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፦ «ለእሷ አምስት ሳንቲም አልሰጥም!»

የሚገርመው ነገር ሕጉም ለእሷ ስጥ አላለውም። የፍቺ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ በአንቀጽ 82 ተጽፏል። ፍቺው ከጸና፣ ንብረቱም ከተከፈለ በኋላ ግን ለቀድሞ ሚስት ለራሷ የሚቆረጥላት የወር ገንዘብ የለም። የሚቀረው የልጁ ቀለብ ነው። እናትየው ብሩን የምትቀበለው ልጁ ራሱ ገበያ ወጥቶ መሸመት ስለማይችል ነው፤ እጅ ናት እንጂ ባለመብት አይደለችም። ይህን ነጥብ የያዘ ሰው ግማሹን ጭቅጭቅ ተገላገለ ማለት ነው። «ሌላ ባል አግብታለች» የሚለው መከራከሪያ የልጁን ቀለብ አያስቀርም፤ ያገባችው እሷ ናትና። «ከእኔ የተሻለ ደመወዝ አላት» የሚለው በመጠኑ ላይ ሊያከራክር ይችላል፤ ግዴታው የሁለቱም ወላጆች ነው። የአባትየውን ድርሻ ግን ወደ ባዶ አያወርደውም።

«ልጄን አላሳይህም ስላለችኝ አቆምኩ» የሚልም ብዙ ነው። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በምን እንደሚቀለቡና ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ እንዲወስን ያዛል። አብረው ይወሰናሉ እንጂ አንዱ ለሌላው መያዣ አልተደረገም። እንዳያይ የተከለከለ አባት የመጎብኘት መብቱን ያስከብራል፤ የልጁን ወተት መከልከል ግን መልስ አይሆንም። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው፦ ቀለብ ያልቆረጠ አባት ልጁን ለማየት ሲመጣ በር መዝጋት ሕጉ ያልሰጣት ቅጣት ነው።

ሌላው ልማድ ደግሞ የስምምነት ወረቀት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ነገሩ እንዲበርድ ሲሉ፣ «ልጁን እሷ ትያዝ፣ ምንም ላትጠይቅ ተስማማን» ብለው ያስፈርማሉ። እናትየውም ከመሰልቸት የተነሣ ትፈርማለች። ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ ግን የፍቺውን ውጤት የሚመለከተው ውል ፍርድ ቤት ሳያየው አይጸናም፤ ውሉ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ከሆነ ዳኛው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ይሞላዋል። ሰው የራሱን ገንዘብ መተው ይችላል። የልጁን ሲተው ግን ዳኛው አለሁ ይላል።

ለመሆኑ ሞጆ ላይ የሚሠራው የትኛው ሕግ ነው? ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 213 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። ኦሮሚያ የራሷን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 አውጥታለች፤ በቀለብ ጉዳይ የሁለቱ መንፈስ ብዙ አይራራቅም። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በአመዛኙ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች የተወ ነበር። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። ያንን ለማስለወጥ ከደከሙት መካከል የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንዱ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። አዲሱ ሕግ የጋብቻውን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የፍቺንና የልጅን ነገር የመወሰን ሥልጣንም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መለሰ።

ሽምግልናው ግን አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባም። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥታለች። ለሙስሊሞችም የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ሁለቱም የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው፤ ይህ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የመጣ ነው። «እዚያ ካልሆነ አልዳኝም» ብሎ አንዱ ሌላውን ማስገደድ አይችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ስንት ነው?

ብዙ ሰው ሕጉ ውስጥ የተጻፈ ዋጋ ያለ ይመስለዋል፤ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል፣ ለሁለት ይህን ያህል የሚል። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም። ሚዛኑ ሁለት ጎን አለው፦ በአንዱ የልጁ ፍላጎት፣ በሌላው የከፋዩ አቅም። ፍርድ ቤቱ በየወሩ የሚከፈል ቁርጥ ብር ሊወስን ይችላል፤ የደመወዝ መቶኛ ሊያደርገውም ይችላል። የጠያቂው ፍላጎት ወይም የከፋዩ አቅም ሲለወጥ ውሳኔው በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊታይ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያልሰማው ነው። ልጁ ጡት ሲጠባ የተቆረጠ ብር ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ፣ የዘይቱም የደብተሩም ዋጋ ሲንር፣ ዝም ብሎ እዚያው እንዲቀር ሕጉ አላለም። አባትየውም ከሥራ ቢፈናቀል ወይም ቢታመም ማመልከት ይችላል። የማይችለው በራሱ ሥልጣን ማቆም ነው።

የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ላይ ውሳኔውን ማስፈጸም ቀላል ነው። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ለአሠሪው ይደርሳል፤ ሒሳብ ክፍሉ ቆርጦ ያስገባል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ግን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። 9,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ቢኖር ከ3,000 ብር በላይ አይነካበትም ማለት ነው። ለመምህሩም፣ ለነርሷም፣ ለክፍለ ከተማው ጸሐፊም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደመወዛቸው መዝገብ ላይ ነው፤ መደበቂያ የለውም።

ሹፌሩስ?

እዚህ ላይ ነው የሞጆ ነገር የሚከብደው። በወረቀት ላይ ያለው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ኑሮውን የሚይዘው በየጉዞው የሚታሰብለት አበል ነው። መኪናው የራሱ ከሆነ ደግሞ ሊብሬው በወንድሙ ስም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሞጆ ነው፤ ከነገ ወዲያ የጅቡቲ ድንበር ጋላፊ፤ መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው ሲደርስ «ትናንት ወጣ» ይባላል። ችሎት ቀርቦም «ሥራ የለም፣ መኪናው ጋራዥ ነው» ይላል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ አንዳንዴ አይደለም። ያልታወቀን ገቢ በምን ይመዝኑታል?

ልምድ ያላቸው ጠበቆች ገቢውን መፈለግ ትተው ወጪውን ይከተላሉ። በስንት ብር ቤት ተከራይቶ ይኖራል? ሌሎቹን ልጆቹን የት ያስተምራል? በቅርቡ ምን ገዛ? አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ስለ አንድ የጅቡቲ ምልልስ ምን ይላሉ? ፍርድ ቤቱም የትራንስፖርት ማኅበሩን፣ ባንኩን፣ ተሽከርካሪ የሚመዘግበውን መሥሪያ ቤት መረጃ አምጡ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ የሕፃን ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ለዚህ ነው ጊዜያዊ ቀለብ በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ መጠየቅ የሚበጀው። የዳኝነት ክፍያ የሌላት እናትም «በደሃ ደንብ» ልትከስ ትችላለች፤ አቅም እንደሌላት ካስረዳች ያለ ክፍያ መዝገብ ይከፈትላታል።

ዝምታ የራሱ ዋጋ አለው። ተወስኖ ያልተሰበሰበ ወይም ያልተጠየቀ የቀለብ ውዝፍ ሦስት ወር ካለፈው፣ ለባለመብቱ መኖሪያ አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር፣ መጠየቁ ይቀራል፤ ይህ ደንብ ከ1952ቱ ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። «ይሉኝታ ይዞኝ ሁለት ዓመት ዝም አልኩት» የምትል ሴት ሁለቱን ዓመት ለማስመለስ ስትሞክር ክርክር ይጠብቃታል።

ጀርመኖች ይህን ጣጣ በሌላ መንገድ ሞክረውታል። በፈረንጆቹ 1980 በሥራ ላይ በዋለ ሕጋቸው ወላጅ አልከፍል ሲል መንግሥት ለልጁ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ከዚያ ዞሮ ወላጁን ያስከፍላል። እኛ ዘንድ የመንግሥት ካዝና በዚህ በኩል አልተከፈተም። ያንን ክፍተት የሚሞላው የአያት ጓዳ ነው።

አያትን ካነሣን ሕጉም ያነሣታል። ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ አይቆምም፤ ወደ ላይ ወደ አያት፣ ወደ ታች ወደ ልጅ ልጅ ይሄዳል፤ ወንድምና እህትንም ይይዛል፤ በጋብቻ በቀጥታ የተዛመዱትንም ያካትታል። የዛሬ ሕፃን አድጎ ወላጁ ሲያረጅ ግዴታው ይገለበጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ጠያቂው የተቸገረና በራሱ ሥራ መተዳደር የማይችል መሆን አለበት። ስለዚህ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ቀለቡ በልደቱ ቀን በራሱ ይቋረጣል ማለት አይደለም፤ ገና ትምህርት ላይ ያለና ራሱን የማይችል ከሆነ መጠየቅ ይችላል።

ይህ የአያት ነገር በሞጆና በአዳማ ሰፈሮች በተግባር የሚታየው በሌላ መልኩ ነው። እናት ቤይሩት ወይም ጂዳ ናት፤ ልጅ ከአያቱ ጋር ነው፤ አባት ከዚያው ከተማ ሳይወጣ «እናቱ ዶላር ትልክለታለች» ብሎ እጁን አጣጥፏል። እናትየው መላኳ የአባትየውን ግዴታ አይሽረውም። ልጁን የያዘች አያትም በልጁ ስም እንዴት መጠየቅ እንደምትችል ፍርድ ቤት ሄዳ ብትጠይቅ ማንም «ምን አገባሽ» አይላትም።

ሳይጋቡ የተወለደ ልጅስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 በፈረንጆቹ ባወጣችው ሕገ መንግሥት አባትና እናት ተጋቡም አልተጋቡም ኃላፊነታቸው እኩል ነው ብላ ጽፋለች። ችግሩ መብቱ ላይ አይደለም፤ ማስረጃው ላይ ነው። በትዳር ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገመታል፤ ካልተጋቡ ግን አባት ወይ ራሱ «ልጄ ነው» ማለት አለበት፣ ወይ ፍርድ ቤት «ልጅህ ነው» ማለት አለበት።

ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ሁኔታዎች የፌዴራሉ ሕግ በአንቀጽ 143 ዘርዝሯል። እናትየው ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፣ በጋብቻ ተስፋ ወይም በሥልጣን መመካት ተታልላ ከሆነ፣ አባት የተባለው ሰው ይህን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ትቶ ከሆነ፣ በሕግ የታወቀ ጋብቻ ባይኖርም የዘለቀ የወንድና የሴት ግንኙነት ኖሯቸው ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመቀለብና በማሳደግ ተካፍሎ ከሆነ። የመጨረሻው ብዙ ወንድ ያላሰበበት ነው። «በምሕረት እየላክሁ ነበር» የሚለው ሰው በቴሌብር የላከው የወር ብር፣ ለትምህርት ቤቱ የከፈለበት ደረሰኝ፣ ልጁ ሲታመም ሐኪም ቤት የፈረመው ፊርማ መልሶ ይመሰክርበታል። ለመካድ የሚፈልግም ሕጉ መንገድ ሰጥቶታል፦ በዚያ ጊዜ በሩቅ አገር እንደነበረ ወይም በደም ምርመራና በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ አባት ሊሆን እንደማይችል ማስረዳት ይችላል።

ወረቀት ቀድሞ የያዘ አይረፍድበትም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የአባት ስም በዚያ ላይ በትክክል ከሰፈረ ከዓመታት በኋላ ምስክር ፍለጋ መንከራተት ይቀራል።

በዚህ አገር አንድ ሰው ያልወለደውን ልጅም የመቀለብ ግዴታ በፈቃዱ ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ሥርዓት የአማርኛው ሕግ የሚጠቀምበት ቃል ጉዲፈቻ ነው፤ ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ ልማዱም በዚሁ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። የሰው ልጅ ተቀብሎ «ልጄ ነህ» ማለት በባህሉ ከወለዱት አይለይም፤ ሕጉም ይህንኑ ተቀብሎ፣ ስምምነቱን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ጨመረበት። ያልወለደው እንዲህ ሲሸከም፣ የወለደው በሊብሬ ስም ሲደበቅ ማየት ያሳፍራል።

በቁጣ የሚደብቅም ሆነ በግድየለሽነት የሚረሳ የፍትሐ ብሔር ክስ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መንፈግን ወንጀል አድርጎታል፤ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። በርግጥ የታሰረ አባት ደመወዝ አያመጣም፤ ብዙ እናቶችም ይህን አስበው ወደ ፖሊስ ከመሄድ ይልቅ ወደ ሬጅስትራር መስኮት ይሄዳሉ። ትክክለኛ ስሌት ነው።

ሳይቀልቡ ኖረው በኋላ መምጣትስ? በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ እንዲህ ነበር። የአንድ ልጅ እናት ሞታለች። ልጁን ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ናት። በልጁ አስተዳደግ ያልነበረው አባት ዘግይቶ ብቅ አለና በሕይወት ያለሁት ወላጅ እኔ ነኝ፣ አሳዳሪነቱ ለእኔ ይሰጠኝ አለ። የቤተሰብ ሕጉ ቃል በደረቁ ሲነበብ ለእሱ ያደላል፤ አንዱ ወላጅ ሲሞት ሌላው ብቻውን አሳዳሪ ይሆናልና። የበታች ፍርድ ቤቶችም ለአባትየው ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንሥቶ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ የሥር ፍርዶቹን ሻረ። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በየክልሉ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ሞጆ ላይ የተቀመጠ ዳኛም ይከተለዋል። ልጁ ከአክስቱ ጋር ቀረ።